ለማን ይሰጥ?

በሐዋሳ ከተማ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚያልፈው በሐይቁ ዳር ነው። አሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይ ለዘብ ስትል የፍቅር ሐይቅ መንገድ በሰው ይሞላል። ሙሽሮች ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ለውዝ አዟሪዎች በሰው መካከል ይሽሎከለካሉ፤ አባ ኮዳዎችም አንገታቸውን በትከሻቸው ቀብረው፣ ፍርድ ለመስጠት እንደ ተሰየሙ ሽማግሌዎች፣ ከዳር ቆመው ይመለከታሉ። ከዚህ ግርግር ጥቂት ፈንጠር ብሎ፣ ከአንድ አሮጌ ዋርካ ሥር፣ ስድስት ወይም ሰባት ወጣቶች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አላፊ አግዳሚው ካርታ የሚጫወቱ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ያየ ግን በመካከላቸው የተዘረጋው ካርታ ሳይሆን መጽሐፍ መሆኑን ይረዳል፤ ያውም ከቃል ይልቅ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ።

እነዚህ ወጣቶች የኮሚክ አንባቢዎች ናቸው። አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሌላው ባጃጅ ይነዳል፤ አንዲቱ በፀጉር ቤት ትሠራለች፤ የቀሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ማኅበር አልመሠረቱም፤ ሊቀ መንበርም ሆነ ጸሐፊ የላቸውም። ሀብታቸው በሙሉ በአንዲት የሸራ ቦርሳ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የተገዙ ጥቂት ጥራዞች፣ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጡ ሁለት ሦስት፣ የቀሩትም በፎቶ ኮፒ ተባዝተው በስቴፕለር የተያያዙ ወረቀቶች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ብዙውን በስልካቸው ያነባሉ። ይሁን እንጂ በስልክ የተላላኩት ሥራ በማን እጅ እንዳለፈ ምልክት አይተውም፤ በወረቀቱ ላይ ግን የሻይ ጠብታ፣ የጣት አሻራ፣ የተጠቀለለ ጠርዝ ይቀራል። ስለዚህ የሚወዱትን ከተቻላቸው በወረቀት ያደርጉታል።

ሕጎቻቸው ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ የታሪኩ መጨረሻ አይነገርም። ሁለተኛው፣ አንድ መጽሐፍ በአንድ ሰው እጅ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም። ሦስተኛውና ዋነኛው ደግሞ፣ አንብቦ የመለሰ ሰው «ጥሩ ነው» ብሎ ዝም ማለት አይፈቀድለትም፤ «ለማን ይሰጥ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱንም ከኋላ ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በአንድ መስመር ይጽፋል።

ይህች ሦስተኛ ሕግ ቀላል ትመስላለች። ዳሩ ግን አንድን ሥራ ማወደስና ለአንድ ሰው መምረጥ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ጥሩ ነው» ያለ ሰው ስለ መጽሐፉ ተናገረ፤ «ለእገሌ ይሰጥ» ያለ ሰው ግን እገሌን ማወቅ፣ የቤቱን ነገር መገመት፣ ዛሬ ምን ሊሸከም እንደሚችል መመዘን ይኖርበታል። ሂስ በትምህርት ቤት ስለ ይዘትና ስለ ቅርጽ ይጠይቃል። ከዋርካው ሥር ያለው ሂስ በእነዚህ ላይ ሦስተኛ ጥያቄ ይጨምራል፤ እርሱም የተደራሲው ማንነት ነው።

የፀጉር ቤቷ ሠራተኛ ጉልበተኛ ጀግና አትወድም። ለእርሷ የተመረጠላት እ.ኤ.አ. በ2005 በመጀመሪያ ጥራዙ የታተመው «አያ» ነበር፤ ኮት ዲቯራዊቷ ማርጌሪት አቡዌ ጽፋው ክሌማን ኡብሬሪ የሣለው ሥራ ነው። በ1970ዎቹ በአቢጃን ከተማ፣ በዮፑጎን ሠፈር የሚኖሩ ልጃገረዶችን ሕይወት ይተርካል። ሐኪም ለመሆን የምትመኝ ወጣት፣ ለጭፈራ የሚሮጡ ጓደኞቿ፣ በየደጃፉ የሚንሾካሾክ ጎረቤት ይታይበታል። ልጅቱ መጽሐፉን ስትመልስ «ይህ የእኛ ሠፈር ነው፤ ጸጉራቸውን ብቻ ቀይሩት» አለች። ከዚያም ለአንዲት ደንበኛዋ እንዲሰጥ ጻፈች።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ የጃፓን ሥራዎች ወዳጆች ናቸው። መጽሐፉን ከቀኝ ወደ ግራ መግለጥን ከማንም ሳይማሩ ለምደውታል። አንደኛው የኤይቺሮ ኦዳን «ዋን ፒስ» ለሁሉም ሰው ሊሰጥ ሲነሣ ባጃጅ ነጂው ይከለክለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረና ከ100 ጥራዝ በላይ የደረሰ ታሪክ ለሠራተኛ ሰው መስጠት «ዕዳ እንደ ማውረስ ነው» ይላል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ደግሞ የአርት ስፒገልማንን «ማውስ» ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ይህ ሥራ የደራሲው አባት በናዚዎች ዘመን ያየውን መከራ ሲተርክ አይሁዶችን በአይጥ፣ ናዚዎችን በድመት መስሎ ይሥላል። ይህን ሲሰማ ከተማሪዎቹ አንዱ «የአያቴ ተረትም እኮ እንዲሁ ነው፤ ሰው ሊሉ ሲፈልጉ ጅብ ይላሉ» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ቀልድ ነበር፤ ግን ተረትን ከተረት ያገናኘ ትልቅ ሐሳብ ነበር።

በቦርሳው ውስጥ በአማርኛ የተጻፈው አንድ ብቻ ነው። በብሥራት ደበበ የተደረሰውና እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው «ጀምበር» ነው። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ሥራ ፈላጊ ወጣት ሲሆን፣ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ባለቤት ይሆናል። ይህ ቅጂ ሽፋኑ ሁለት ጊዜ በፕላስተር ተጠግኗል። ባጃጅ ነጂው ስለ እርሱ ሲናገር የኃይሉን ነገር አላነሣም። «ሥራ ሲፈልግ የሚውል ጀግና አየሁ» አለና ከኋላ ገጹ ላይ «ዘንድሮ ለተመረቀ ሁሉ» ብሎ ጻፈ።

በአንድ ረቡዕ ቀን ከቦርሳው መጻሕፍት አንዱ ተያዘ።

የአሥረኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ስለ ሰምና ወርቅ እያስተማረ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ ራሱን ወደ ጉልበቱ ደፍቶ አየው። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ፤ በመደዳው መካከል ቀስ ብሎ ሄደና እጁን ዘረጋ።

«አምጣ።»

ተማሪው ተነሥቶ ቆመ። «ቲቸር፣ የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የሁላችንም ነው። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም። በስቴፕለር የተያያዘውን ጥራዝ ወስዶ ከቦርሳው ከተተና ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። በእርሱ አስተያየት ኮሚክ ማለት ማንበብ የሰነፈ ሰው የሚሸሽበት ጥግ ነበር። ይህ አስተያየት የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ልጆቻቸውን ለማስተማር ከሚደክሙ ወላጆችና ከብዙ መምህራን አፍም ይሰማል።

በዚያች ማታ የተማሪዎችን ደብተር ሲያርም ጥራዙ እጁ ገባ። ከኋላው ገለጠው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ያየው ሥዕል ሳይሆን በልዩ ልዩ ቀለም የተጻፉ መስመሮችን ነበር።

«ለባጃጁ ሰው። ቃሉ ጥቂት ነው፤ ሥዕሉ ይናገራል።»

«ለታናሽ እኅቴ፤ ግን ከፈተናዋ በኋላ።»

«ጦርነት ጨዋታ ለሚመስለው ሰው።»

«በቤቱ ኀዘን ላለበት ሰው አይሰጥ።»

ከዚህችም ሥር በሌላ እጅ፣ በአረንጓዴ ቀለም፦ «እኔ ደግሞ ኀዘን ላለበት ሰው ይሰጥ እላለሁ።»

መምህሩ ብዕሩን ከደነ። በቤቱ ግድግዳ ላይ የታናሽ ወንድሙ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ወንድሙ በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ወድቆ ቀርቷል። ለቅሶ ደራሹ ከተበተነ በኋላ እናታቸው የልጃቸውን ስም ሲጠሩ የሰማ የለም። ፎቶግራፉን በየጠዋቱ በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉታል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም።

ጥራዙን ከፊት ገለጠው። «ባዶ እግሩ ጌን» ይባላል፤ ጃፓናዊው ኬይጂ ናካዛዋ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በተከታታይ ያወጣው ሥራ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ናካዛዋ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. በሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። የትምህርት ቤቱ ግንብ ከለለውና ተረፈ፤ አባቱ፣ እኅቱና ትንሽ ወንድሙ ግን ሞቱ። ይህንኑ የራሱን ሕይወት ጌን በተባለ ልጅ ስም ሣለው። ሥራው ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው በመጀመሪያ በትልልቅ አሳታሚዎች ፈቃድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች፣ ይህን ሌላው ዓለም ማየት አለበት ብለው፣ ያለ ክፍያ ተረጎሙት። ወደ ሐዋሳም የደረሰው የእነዚያ ሰዎች «ለማን ይሰጥ?» ያፈራው መልስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

መምህሩ በግምት አርባ ገጽ ያህል ሲያነብ ልጆች ይሣሣቃሉ፤ ስንዴ ይዘራል፤ አባት ጦርነቱን በመቃወሙ ጎረቤት ይሰድበዋል። ከዚያም ቀስ በቀስ ያቺ ቀን ደረሰች። ቤቱ ተደርምሶ ሦስቱ ከሥር ተቀብረዋል፤ እሳቱ እየቀረበ ነው፤ ጌንና ነፍሰ ጡር እናቱ ወራጁን እንጨት ለማንሣት ይታገላሉ። በአንዱ ሥዕል እጅ ይታያል፤ በቀጣዩ እሳቱ። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ነጭ ስንጥር ብቻ ናት። በዚያች ስንጥር ውስጥ የሚሆነውን ሠዓሊው አልሣለውም፤ አንባቢው ራሱ ያየዋል።

መምህሩ ደብተሮቹን ሳያርም ነጋበት።

በማግስቱ ጥራዙን ለተማሪው አልመለሰም፤ ቅዳሜ ዕለት ራሱ ይዞት ወደ ሐይቁ ወረደ። ወጣቶቹ ሲያዩት ሊበተኑ ደረሱ። እርሱ ግን ከሣሩ ላይ ተቀመጠና «ሁለት ሳምንት አልሞላኝም አይደል?» አላቸው። ሳቁ የመጣው ጥቂት ቆይቶ ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ከዋርካው ሥር አንድ ሰው ተጨመረ። የማያውቁትን ሲነግሩት፣ የሚያውቀውን ይነግራቸዋል። ሥዕሉ የሚቀመጥበትን አራት ማዕዘን «መስኮት»፣ ንግግሩ የሚጻፍበትን ክብ «ደመና» ይሉታል፤ ስያሜውን ከመጽሐፍ አላገኙትም፤ ሲነጋገሩ ከአፋቸው ወጣ። መምህሩ ይህን ሲሰማ በወጣትነቱ በጣና ሐይቅ ደሴቶች ጉብኝት ያየውን አስታወሰና ነገራቸው። በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ የቅዱሳን ታሪክ በመስኮት በመስኮት ተከፍሎ ተሥሏል። በብዙ የጥንት ሥዕሎቻችን አጠገብ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር የግዕዝ ጽሑፍ ይገኛል፤ እንዲህ እንደ ሆነ፣ እንዲህ እንዳደረገ ማለት ነው። ሥዕልና ቃል በአንድ ገጽ ተጋግዘው ታሪክ ሲያካሂዱ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። ሠዓሊዎቹ ደጉን ሰው ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ፊት ለፊት፣ ክፉውን ደግሞ በአንድ ዓይን ጎኑን ይሥሉታል፤ ፊደል ያልቆጠረውም ተመልካች ማን ማን እንደ ሆነ ወዲያው ይለያል። የንግሥተ ሳባ ታሪክም በሸራ ላይ በተርታ መስኮቶች፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍሎች፣ እየተሣለ ሲሸጥ ኖሯል።

«ታዲያ በግድግዳው ላይ መጨረሻው ይታወቃል እኮ!» አለ አንዱ ተማሪ፣ የመጀመሪያውን ሕግ አስታውሶ።

«ይታወቃል» አለ መምህሩ። «ተመልካቹ የሚመጣው መጨረሻውን ለማወቅ አይደለም። የሚያውቀውን ከሌሎች ጋር ቆሞ ለማየት ነው።»

የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግን ሌላ ነገር አነሣ። ይህ የግድግዳ ትውፊት የሰሜኑ ነው፤ በሲዳማ ገጠር ያደገ ልጅ የወረሰው ቅርስ ሥዕል ሳይሆን ከምድጃ ዳር የሚሰማ ተረት ነው። ነገሩ እውነት ነበር፤ ማንም አልተቃወመውም። ነገር ግን ኮሚክ ዓይንንም ጆሮንም ይፈልጋል። ጅቡና ጦጣው በአያት ድምፅ አለ፤ መስኮቱ ደግሞ በግድግዳ ላይ አለ። ሁለቱን በአንድ ገጽ የሚያገናኝ እጅ ነው የዘገየው። ሐዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት፤ ልጆቿ በሲዳሙ አፎ ይማራሉ፤ ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የመጡ ነዋሪዎቿም በአማርኛ ይነግዳሉ፣ ይሟገታሉ፣ ይዋደዳሉ። ያም ሆኖ ከዋርካው ሥር ያለችው የሸራ ቦርሳ በአማርኛ አንድ ብቻ ይዛለች፤ በሲዳሙ አፎ ግን ምንም የላትም። አንባቢው ተሰብስቦ ተቀምጧል፤ የሚጠበቁት ጸሐፊውና ሠዓሊው ናቸው።

ነገሩን የሚንቅ ሁሉ አንድ ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው። በአውሮፓ የኮሚክ አባት ከሚባሉት ዋነኛው ሮዶልፍ ቶፕፈር የጄኔቫ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1820ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተማሪዎቹንና ወዳጆቹን ለማሣቅ ሥዕላዊ ታሪኮች ይሥል ነበር። ለማተም ግን ፈራ፤ የተከበረ መምህር እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል ቢባልስ? ረቂቆቹ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ከታላቁ ጀርመናዊ ባለ ቅኔ ከጎተ ዘንድ ደረሱ። ጎተ በእርጅናው ዘመን አያቸውና አደነቃቸው፤ ያ አድናቆት መምህሩን አደፋፈረው፤ ሥራዎቹም በ1830ዎቹ ታተሙ። እንግዲህ ዛሬ በዓለም ሚሊዮኖች የሚያነቡት ይህ የጥበብ ዘርፍ ሲፈጠር፣ መምህሩ፣ ተማሪዎቹ፣ ወዳጆቹና አንድ ባለ ቅኔ ያልታተመ ወረቀት ይዋዋሱ ነበር። ከዋርካው ሥር የሚደረገውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በእኛም አገር የማንበብ ልማድ ለብቻ የሚደረግ ነገር ሆኖ አልጀመረም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን በእጁ ያልነካው ሰው ሁሉ በአንድ ራዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ አዳመጠው። ያልሰማው ጎረቤት በማግስቱ «ትላንት ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሰማውም ይተርክለታል። ሥነ ጽሑፍ ከማተሚያ ቤት በወጣ ጊዜ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ቀሪውን መንገድ የሚወስደው እንዲህ ያለው አንደበት ነው።

ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ተማሪው መምህሩን በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ አገኘው። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ ቀኑ አልፏል» አለ።

«አንድ ሳምንት ጨምሩልኝ» አለ መምህሩ።

«ምክንያት?»

«ለማን እንደሚሰጥ አልወሰንኩም።»

ተማሪው ጥቂት አሰበ። «ይህ ምክንያት ይቆጠራል» ብሎ ሄደ።

መምህሩ በእርግጥ አልወሰነም ነበር። ሁለቱ መስመሮች፣ አይሰጥ የምትለውና በአረንጓዴ ቀለም ይሰጥ የምትለው፣ በጭንቅላቱ ውስጥ ይሟገቱ ነበር። በእሳት የተያዘ ቤት፣ ከሥሩ የሚጠራ ልጅ፣ ሊያወጣው ያልቻለ ወገን! ይህን ልጃቸውን ላጡ እናት ማሳየት ቁስል መነካካት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በቤት ውስጥ ያለው ዝምታ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እርሱም ቁስል ነው።

ሌላም ችግር ነበር። እናቱ እንግሊዝኛ አያውቁም። የሚናገሩት ሲዳሙ አፎ ነው። ፊደል የቆጠሩት በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ቀበሌያቸው በደረሰ ጊዜ ነበር። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሲዳሙ አፎ አንዱ ነበርና፣ ያኔ ወጣት የነበሩት ሴት በማታ፣ በኩራዝ ብርሃን፣ የራሳቸውን ቋንቋ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ተማሩ። በኋላ ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምር የልጅ ልጆቻቸው ደብተር ለእርሳቸው ባዕድ ሆነ። በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈ በገዛ ፊደላቸው የሚነበብ ነገር ካገኙ ዘመናት ተቆጥረዋል።

መምህሩ ነጭ ወረቀት ገዛና በመቀስ ቆራረጠው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የአንዱን ደመና ንግግር ወደ ሲዳሙ አፎ መልሶ በግዕዝ ፊደል፣ በጉልህ እጅ፣ ጻፈው። ከዚያም ቁራጮቹን በሙጫ ከደመናዎቹ ላይ ለጠፋቸው። ሥራው እንዳሰበው አልቀለለም። ደመናው ትንሽ ነው፤ ቃሉ ይረዝማል፤ ያለ ርኅራኄ ማሳጠር ያስፈልጋል። ዕድሜውን በሙሉ ስለ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረው ሰው፣ አንዲት እናት ለልጇ የምትለውን አምስት ቃል በሦስት ቃል ለመጨረስ ሌሊቱን ሲጥር አደረ። አንዳንዱን ደመና ባዶ ተወው፤ ሥዕሉ ብቻውን የሚበቃበት ስፍራ እንዳለ ያን ጊዜ ገባው።

እሑድ ከቡና በኋላ ጥራዙን ከእናቱ ጉልበት ላይ አኖረው።

«እማዬ፣ ይህ ከባድ ነው። ካልፈለግሽ መልሺልኝ።»

እናቱ መነጽራቸውን አደረጉ። መጀመሪያ ፊደሉን አዩና ፈገግ አሉ። እያንዳንዷን ቃል ድምፅ አውጥተው፣ እንደ ማታው ትምህርት ቤት፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ስለ ስንዴው አንድ ሁለት ነገር ጠየቁ፤ ተግባብተውበታልና የጃፓን ገበሬ እንዴት እንደሚዘራ ትንሽ ነቀፉ። ገጾቹ እየጠቆሩ ሲሄዱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ቤቱ ከተደረመሰበት ገጽ ሲደርሱ ማንበቡን ተዉ። መዳፋቸውን በሥዕሉ ላይ፣ ልጁ ወራጁን እንጨት ለማንሣት ከሚታገልበት መስኮት ላይ፣ አሳረፉት።

«ይህ ልጅ» አሉ፣ «ብቻውን ነው እንዴ የሚያነሣው?»

«እናቱ አብራው አለች።»

«አብራው አለች» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም ቀና ብለው ወደ ግድግዳው ተመለከቱና የልጃቸውን ስም ጠሩ። ስሙን ጠርተው ዝም አላሉም፤ በሦስት ዓመቱ ከዛፍ እንደ ወደቀ፣ ጫማ እንደማይወድ፣ ወደ ጦር ሜዳ ሊሄድ ሲል በር ላይ ተመልሶ ክብሪት እንደ ጠየቃቸው ተናገሩ። መምህሩ ይህን የክብሪት ነገር ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ አለቀሱም።

መጽሐፍ ኀዘንን ይሽራል ማለት ሐሰት ነው። በዚያች ማታ የሞተው አልተነሣም፤ ግድግዳውም ፎቶግራፉን ተሸክሞ አደረ። የሆነው ይህ ብቻ ነው፤ ከአንድ ሩቅ አገር የመጣ የሌላ ሰው ኀዘን፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ቆይቶ፣ በመጨረሻ በሚያውቃቸው ሰው እጅ ለእኒህ እናት ደረሰ። ካላወቃቸው ሰው ቢደርሳቸው ኖሮ አይሰጥ ያለችው መስመር ትክክል ትሆን ነበር።

ጥራዙን ሊወስድ ሲል እናቱ አልሰጡትም። ወደ ኋላ ሽፋኑ ገለጡ፤ የተጻፈውን ምን እንደ ሆነ ጠየቁት፤ አነበበላቸው። ይሰጥ ወይም አይሰጥ የሚለው ክርክር ላይ ሲደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም ብዕር ጠየቁና፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያሰቡ፣ በአረንጓዴው መስመር ሥር በሲዳሙ አፎ ጻፉ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«ለማዶዋ እናት። ብቻዋን አታንብብ፤ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦርሳው ከዋርካው ሥር ሲፈታ አንድ መጽሐፍ ጎድሎ ነበር። ሦስተኛው ሳምንትም አልፏል። መምህሩ የት እንዳለ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ቀኑን የቆጠረ ማንም አልነበረም።